የጥላ ሰብሳቢው ንግግር

የያዙኝ ማይኩ በእጄ እንዳለ ነው። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ፣ አንዲት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልም እየተረጎምኩ ሳለሁ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገብተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ተመልካቹ መብራት የሄደ መስሎት አፏጨ። ሰዎቹን ሲያይ ግን ወደ በሩ ተጋፋ።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነው። ሰዉ ጎን ለጎን ተጋድሞ እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ አንድ የስልጤ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝና ምን አድርጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ፊልም ተርጉሜ ነው ብላቸው አላመኑኝም። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነቴ ኩባ ተልኬ ስለተማርኩ ስፓኒሽ እንደ አማርኛ እሰማለሁ። የሚያስፈሩና ተረት የሚመስሉ የስፓኒሽ ፊልሞች ደግሞ ነፍሴ ናቸው። የአሜሪካኑ ጭራቅ በር ገንጥሎ ይገባል፤ የስፓኒሹ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ እራት ይበላል። እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ የምወደውም እሱን ነው። የዚያን ቀኑ ፊልም የሰው ጥላ ስለሚሰበስብ አንድ ሰውዬ ነበር። መንደርተኛው ጥላችንን መልስልን ሲለው በትህትና፣ "እኔ ምን ወሰድኩ? በስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ" ይላል። ይህን ስተረጉም ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ምርጫው አልፎ ግርግሩ ገና ያልበረደበት ሰሞን ስለነበር የቀበሌው ስብሰባ ትዝ ብሎት ነው። እኔ ግን ከፊልሙ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

መርማሪው ወጣት ነው፣ አልመታኝም። ስፔን አገርም እጅ አውጡ የሚባል ስብሰባ አለ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ፊልሙ ነው የሚለው ብዬ ማልኩ። ስፓኒሽ የሚሰማ ምስክር ግን ከየት ይምጣልኝ? እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ፣ ተጠርጣሪውም እኔ። በመጨረሻ የሚፈልገውን ነገረኝ። ያንኑ ፊልም ቢሮው ውስጥ እንደገና እተረጉማለሁ፣ በካሴት ይቀዳል። ጥላ ሰብሳቢው ከውጭ የተላከ የሰላም ጠላት መሆኑን በራሱ አፍ ይናዘዛል፤ የፊተኛው ትርጉሜ ስህተት ነበር እላለሁ። በማግስቱ ቤቴ እገባለሁ።

ሚስቴ ወሯ ገብቶ ነበር። በየቀኑ ስንቅ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ እኔ ሳህኑን እንጂ እሷን አላይም። ሽማግሌውን አማከርኳቸው።

"ልጄ፣ ያሉህን በላቸው" አሉኝ። "ፊልም ነው፤ ማን ይታዘብሃል? ሚስትህ ትበልጣለች።"

ልክ ነበሩ። ረፋዱን ሙሉ አዲሱን ንግግር በሆዴ ሳጠና ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ ወሰዱኝ። ቴሌቪዥኑም ማይኩም የቪዲዮ ቤቱ ነበሩ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ፊልሙ ጀመረ፤ ጥላዋ የተወሰደባት ልጅ ፀሐይ ላይ ቆማ በእግሯ ዙሪያ ስትፈልግ አየሁ። ሰውዬው አፉን ሲከፍት ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ያለውን እንዳለው ተረጎምኩት። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁ አመለጠውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መርማሪው ካሴቱን አቆመ። "እንግዲህ ማን ይርዳህ?" አለኝ። የተቆጣ ሳይሆን የደከመው ይመስል ነበር።

ጀግና ሆኜ አይደለም። ጆሮዬ ያንን እየሰማ አፌ ሌላ ሊል አልቻለም፤ ይኸው ነው።

ጥበቃው ስንቁን ያመጣችው ሚስትህ ሳትሆን እህቷ ናት ያለኝ ቀን፣ ሚስቴ መውለዷን ገመትኩ። ወንድ ይሁን ሴት፣ እናቲቱም ትትረፍ አትትረፍ የሚነግረኝ አጣሁ። ጥበቃውን ለመንኩት፤ አላውቅም አለኝ። ሽማግሌው ሁሉም ለበጎ እንዲሆን ብለው ዱዓ አደረጉልኝ፣ እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም።

የተፈታሁት ልጄ መቀመጥ ከጀመረች በኋላ ነው። ቤት ስገባ ፂሜን አይታ ጮኸች፤ ከእናቷ አንገት አልላቀቅ አለች። ሰው በማስፈራት እንጀራ የበላሁ ሰውዬ ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። ወጥቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ትልቅ ልጅ ናት። ፊልሞቹን አብረን እናያለን፤ ስፓኒሹንም ትንሽ ትንሽ ለቃቅማለች። የሚያስፈራው ቦታ ሲደርስ ክንዴን ጨምድዳ ትይዛለች። ያን ጊዜ ፊልሙን አላይም፤ እጇን ነው የማየው።