እማማ ሱቅ

መርካቶ፣ ጭድ ተራ ጭድ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ዛሬ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። መጫወቻ ፈልጎ ወደ እታለም ሱቅ ጎራ ካለ ግን አያፍርም፤ የሚወስደው በደርዘን ከሆነ። ካርቶኖቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደራርበው ለእሷና ለአንዲት በርጩማ ብቻ ቦታ ትተዋል። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «በፍሬ አንሸጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን አላየሁም ለሚል ደግሞ እታለም ቀና ሳትል ራሷ ትነግረዋለች። ልጅ ያዘለች እናት «አንድ ብቻ» ብላ ስትለማመጣት እንኳ መልሷ «የኔ እህት፣ ደርዘኑን ከፈታሁት በኋላ የቀረውን ማን ያነሳልኛል?» ነው። ክፋት የለባትም። ዕድሜዋን በጅምላ ያሳለፈች ሴት ናት፤ እጇ ነጠላ ነገር ማንሳት አልለመደም።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው የአንዲት ፍሬ ልጅ ልደት መላ ቅጡን ያጠፋባት። ልጅቷ መቅደላዊት ትባላለች፤ የእታለም ልጅ የብሥራት ልጅ ናት። የፊታችን ቅዳሜ አራት ዓመት ይሞላታል። እታለም ምን እንደምትወስድላት መምረጡ አላስቸገራትም፤ ከመጫወቻ መሀል ነው የምትውለው። ያስቸገራት ስንት እንደምትወስድ ነው።

አምና እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ባሏ ገብረ ማርያም አንድ ሙሉ ካርቶን ተሸክሞ፣ እያለከለከ፣ ጀሞ ያለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣላት። እታለም በሰው ሁሉ ፊት በኩራት ካርቶኑን ቀደደችው። አሻንጉሊት ነው። ከሥሩም አሻንጉሊት፤ ከዚያም ሥር አሻንጉሊት። ጅምላ ነውና ሁሉም አንድ ዓይነት ሮዝ ቀሚስ ለብሰው፣ አንድ ዓይነት ፀጉር ተሠርተው፣ አንድ ዓይነት ፈገግታ ፈገግ ብለው ተግተልትለው ወጡ። መቅደላዊት አንዷን አቀፈች። ሌላዋን አየችና የመጀመሪያዋን ጣለች። ሦስተኛዋን ስታይ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«የኔ የቷ ናት?» አለች።

«ሁሉም ያንቺ ናቸው የኔ ቆንጆ!» አለች እታለም።

ልጅቷ ለቅሶዋን አቀለጠችው። ሲያባብሏት፣ ሲያባብሏት ቆይተው በስተመጨረሻ ባዶው ካርቶን ውስጥ ገብታ ነው ዝም ያለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እታለምን «እማማ ሱቅ» ትላታለች። ቀን ቀን የምትጠብቃት የአባቷ እናት እትዬ ሠርኬ ግን «እማማ» ናት። እማማ ብቻ። ምንም ቅጥያ የላትም።

ሰው ይስቃል። እታለምም አብራ ትስቃለች። ወደ መርካቶ የሚመልሳት ታክሲ ውስጥ ስትገባ ግን ሆዷ ይባባል። አንድ ቀን ለብሥራት አንስታላት ነበር፤ እንደ ቀልድ አድርጋ።

«ምን ታድርግ እማዬ?» አለች ብሥራት፣ የልጇን ፀጉር እየፈታች። «እኔም ልጅ ሆኜ እኮ ሱቅሽን ነው የማውቀው። መጫወቻም የማገኘው ደርዘን ሲጎድልብሽ ነበር፤ አይሸጥም ብለሽ የተረፈውን።»

ብሥራት ለነገሩ ያህል ነው ያለችው፤ ወዲያው ረስታው ወሬ ቀየረች። እታለም ግን አልረሳችውም። ባለፈው ፋሲካ ሰሞንም ሌላ ጥፋት ጨምራለች። ብሥራት ሥራ በዝቶባት ልጅቷን ሱቅ ጥላባት ሄደች። ቀኑ ደግሞ ገበያው የተጧጧፈበት፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ሰው የሚገፋበት ቀን ነበር። እታለም ልጅቷን ከጎኗ ካርቶን ላይ አስቀምጣ ብስኩት አስጨበጠቻትና ወደ ደንበኞቿ ዞረች። በቃ። ተረት አልነገረቻትም፤ ደህና አድርጋ እንኳ አላየቻትም። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ታያት ነበር። ያ ቀን ትዝ ባላት ቁጥር እታለም ራሷን ትረግማለች።

ስለዚህ በዘንድሮው ልደት ያቺን «ሱቅ» የምትባል ቅጥያ ከስሟ ላይ ማስጣል አለባት። በስንት ስጦታ እንደምትወልቅ ነው ያላወቀችው።

መጀመሪያ ያማከረችው ባህረዲንን ነው። ባህረዲን ፊት ለፊቷ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍል የስልጤ ሰው ነው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ለሁሉም ነገር መልስ አለው።

«ስንት ሞላት?» አላት።

«አራት።»

«በቃ፣ አራት ስጫት! ይሄ ምን ያሳስባል?»

እታለም ደስ አላት። ጥቂት ቆይታ ግን ማሰብ ጀመረች፤ ማሰብ ደግሞ አይበጃትም።

«ከርሞ አምስት ልስጣት ነው?»

«አምስት።»

«ሃያ ዓመት ሲሞላትስ?»

ባህረዲን ጢሙን አሻሸ። «ወላሂ፣ ያኔ ብርድ ልብስ ትፈልጋለች፤ ወደ እኔ ላኪያት» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ቀጥላ የጠየቀችው ኤልሳቤትን ነው። ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር የመጫወቻ ሱቅ ያላት፣ ከእታለም የምትረከብ ዘናጭ ወጣት ናት። ልጅ ስለማሳደግ የማትከታተለው ቲክቶክ የለም፤ ልጅ ግን የላትም።

«እትዬ እታለም፣ አንድ ብቻ ይውሰዱላት» አለች። «ሲበዛ ልጅ ይደናገራል። አንድ፣ ግን የሚያስደነግጥ! ቁጭ ብላ የምትነዳው መኪና ለምን አይወስዱላትም?»

ይህም ልክ መሰላት። ኤልሳቤት ዕቃዋን አሸክማ ከመሄዷ ግን እታለም መኪናውን በሐሳቧ አራተኛ ፎቅ አወጣችው። ልጅቷ መኪናው ላይ ወጥታ፣ አያትየዋን ረስታ፣ በሳሎኑ ስትዞር ታያት። ከሱቅ ወጥቼ «እማማ መኪና» ልባል ነው እንዴ አለች። መኪናውም ቀረ።

ቤት ስትገባ ገብረ ማርያምን ጠየቀችው። ጡረታ የወጣ ላዳ ነጂ ነው፤ ላዳዋም አብራው ጡረታ ወጥታለች፣ ለቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ትነሳለች።

«ባዶ እጅሽን ሂጂ» አላት።

«ምን?»

«ባዶ እጅሽን። ስመሻት፣ አቅፈሻት፣ ዳቦሽን በልተሽ ትመለሻለሽ።»

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ሱቋ በመጫወቻ ተጨናንቆ ለልጅ ልጇ አንዲት ፊሽካ ነፈገች ይበሉኝ? ሠርኬ ምን ትለኛለች?»

«የምትሄጂው ለሠርኬ ነው ለመቅዲ?»

እታለም ለማን እንደሆነማ ታውቃለች። ግን ይሉኝታም አለ፤ ይሉኝታ ደግሞ እንደ ካርቶን ከትከሻ ላይ አውርደው የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም። ባዶ እጅ ብትሄድ ቆጥቋጣ፣ ብዙ ብትይዝ ሱቅ፣ አንድ ብትይዝ ሁለቱንም ልትባል ነው። ግራ ገባት። ምነው ይህች ልጅ በደርዘን በተወለደች እስከማለት ደረሰች።

ዓርብ ከሰዓት ቁርጡ ደረሰ። ለስላሳ ነጭ ጥንቸሎች የታሸጉበትን ላስቲክ ይዛ ቆመች። ሱቁን ከከፈተች ጀምሮ ለማንም ያላደረገችውን ልታደርግ ነው፤ ደርዘን ልትፈታ። ባህረዲን ማዶ ሆኖ እንዳያያት ጀርባዋን ሰጥታ ቀደደችው። አንዷን ጥንቸል አወጣች። የቀሩት ግን ላስቲካቸው ውስጥ ጎብጠው፣ ክፍት ቦታውን ከበው፣ ጓደኛቸው የሞተችባቸው መስለው ታዩዋት። ልጅቷ «አንድ ብቻ?» ብትልስ? ለማንኛውም ብላ ኳስ፣ ከለርና ፊሽካ ጨመረች፤ የባህረዲን አራት ሞላ። ደግሞ ለማንኛውም ብላ የቀሩትን ጥንቸሎች ካርቶን ውስጥ ከተተቻቸው።

ቅዳሜ ጀሞ የደረሱት እንዲህ ሆነው ነው። በወረቀት የተጠቀለለችው ጥንቸል በእጇ፣ ሦስቱ ነገሮች በቦርሳዋ፣ ካርቶኑ ላዳዋ ኋላ። ገብረ ማርያም ታች መኪናው ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቶ ቀረ።

«ስደውልልህ ታመጣዋለህ» አለችው።

«ካልደወልሽስ?»

«እኔ ምን አውቄ!» ብላ ደረጃውን ተያያዘችው።

በሩን የከፈተችው መቅደላዊት ራሷ ናት፤ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። «እማማ ሱቅ መጣች!» ብላ ጮኸች። ዓይኗም በቀጥታ የእታለም እጅ ላይ አረፈ።

«አንድ ነው?» አለች።

የእታለም እጅ ወደ ቦርሳው ዚፕ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። «አንድ... ይመስለኛል» አለች። ልጅቷ ወረቀቱን ቦጫጭቃ ጥንቸሏን ጆሮዋን አንጠልጥላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሮጠች። አልሳመቻትም።

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። እትዬ ሠርኬ ዳቦ እየቆረሱ «እታለም፣ የዘንድሮው ካርቶን የታለ?» ብለው ሳቁ። ለክፉ አልነበረም። እታለም ግን ላብ አጠመቃት። ልደውል? ቦርሳውን ልክፈት? አንድ በማምጣቴ ነው የሸሸችኝ ወይስ ጭራሽ በማምጣቴ? ስልኳን አወጣች፣ መልሳ ከተተች። የተሰጣትን ዳቦ ሳትቀምስ አስቀምጣ ልጅቷን ፍለጋ ተነሣች።

መቅደላዊት መኝታ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ የአምናው ካርቶን ተደፍቷል፤ ጠርዙ አልቆ በፕላስተር ተጣብቋል። በላዩ ሮዝ ቀሚስ የለበሱት አሻንጉሊቶች በሰልፍ ተደርድረዋል። ጥንቸሏ ከፊት ቆማለች። ልጅቷ እግር ኮቴ ስትሰማ ቀና እንኳ አላለችም።

«ምን ልስጥሽ?» አለች።

እታለም ደነገጠች። ጎንበስ አለች። «ያቺን... ያቺን ጥንቸል ስጪኝ።»

«በፍሬ አንሸጥም!»

ድምፁ የልጅ ነው፤ አነጋገሩ፣ ያ ቀና ያለማለት፣ ያ የእጅ ውርወራ ግን የራሷ የእታለም ነው። ሳቅ መጣባት።

«ሱቅ ከዋለችበት ቀን ወዲህ ሌላ ጨዋታ የላትም» አለች ብሥራት ከበሩ ሆና። «ሁላችንንም ስታስገዛን ነው የምትውለው። አባቷን ትናንት በደርዘን ካልሆነ ብላ አባረረችው።»

«እሺ፣ ደርዘን ልግዛ» አለች እታለም ለልጅቷ።

መቅደላዊት አሁን ቀና አለች። ምንም እንዳልገባት ሰው ነው ያየቻት። «አንቺ አትገዢም።»

«ለምን?»

«አንቺ እማማ ሱቅ ነሽ! እነሱ ናቸው የሚገዙት። አንቺ እዚህ ነሽ።» ከጎኗ ወለሉ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትራስ ነበረች። በትንሽ እጇ መታ መታ አደረገቻት።

«እሷ ላይ ማንም ሰው እንዲቀመጥ አትፈቅድም» አለች ብሥራት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እትዬ ሠርኬንም፣ እኔንም። የማን እንደሆነች ጠይቀናት አትነግረንም ነበር።»

እታለም ጫማዋን አወለቀች። ጉልበቷን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ከካርቶኑ ኋላ ትራሷ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ተጠግታ ትከሻዋን ደገፍ አለችና ወደ በሩ ዞራ፣ «ቀጣይ!» ብላ ጮኸች። እታለም አለቀሰች፤ ደስ ብሏት እያለቀሰች፣ ለምን እንደምታለቅስ ልጅቷ እንዳትጠይቃት አንዷን አሻንጉሊት አንስታ ቀሚሷን ታስተካክል ጀመር።

ስልኳ ጠራ። ገብረ ማርያም ነው።

«ኧረ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ካርቶኑን ላምጣው አላምጣው?»

«ቆይ ገብሬ» አለች። «ሱቅ ነኝ።»