የመቶ አለቃ ግርማ መርዶ

ከአገር የወጣሁት ዓርብ ማታ ነው። እሁድ ማለዳ ግን ጎሮ ቀጠሮ ነበረኝ፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ስደቱ ሳይሆን ያ ቀጠሮ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ጋዜጠኛ ነበርኩ። ስለ ዛሬ መጻፍ ጣጣው ሲበዛብኝ፣ ስለ ድሮ ብጽፍ ማን ይነካኛል ብዬ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ስለበረሩ ተዋጊ አብራሪዎች መጽሐፍ ጀመርኩ። ሞኝነቴ! አንድ ቢሮ አስጠሩኝና ከእኔ የሚያንስ ሰውዬ ፊት አስቀመጡኝ።

«ስለ አውሮፕላን ለምንድን ነው የምትጠያይቀው?»

«ታሪክ እየጻፍኩ ነው።»

«የትኛው አውሮፕላን?»

«አሁን የሌለ።»

«ከሌለ ለምን ትጠይቃለህ?»

ሁለተኛ ጊዜ ስጠራ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ መታሰሩን ሰማሁ። ሦስተኛውን ጥሪ አልጠበቅኩም።

የመጽሐፌ ዋና ምስክር ገርጂ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ አብራሪ ሻምበል ነበሩ። ቦሌ ሊያርፍ የወረደ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ወሬያቸውን አቋርጠው ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ትንፍሽ አይሉም። የቀረጽኩት ግማሹ የሞተር ድምፅ ነው። ሁሉን አወሩኝ፤ ስለ አንድ በረራ ብቻ እንዳልቀርጽ እምቢ አሉ፤ መቅረጫውን አስጠፍተው ጥቂቱን ብቻ ነገሩኝ።

በዚያ በረራ አብሯቸው የወጣው መቶ አለቃ ግርማ አልተመለሰም። ሚስቱ እትዬ የሺ የደረሰበት አልታወቀም ተባሉ፤ ኋላ ደግሞ ከድቶ ሄደ የሚል ወሬ ተነዛ። ሻምበል ግን አይተዋል። አውሮፕላኑ ሲነድ አይተዋል፣ ዣንጥላ ሲዘረጋ አላዩም። ዝም በል ተባሉ፣ ዝም አሉ። መንግሥት ሲለወጥ ታሰሩ፣ ሲፈቱ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለታቸው አሳፈራቸው። እትዬ የሺ ከአርባ ዓመት በላይ ጎሮ ቁጭ ብለው በር በር ያያሉ። ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ተዝካር አላወጡም። የግርማን ፎቶ ሊያሳዩኝ ቤታቸው የጠሩኝ ቀን እንኳ ስለ እሱ ሲያወሩ «ይወዳል» እንጂ «ይወድ ነበር» አላሉም።

«ይንገሩኝና ልቅረጸው» ብዬ ሻምበልን ወተወትኳቸው።

«ሚስቱ ሳትረዳ ለመሣሪያ ላርዳ?» አሉ። «መጀመሪያ እሷ ትረዳ። በወጉ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዘን። ከዚያ የወደቀበትን ቦታ ሳይቀር እነግርሃለሁ።»

ሽማግሌዎች ተለመኑ፣ እሁድ ተቆረጠ። ዓርብ ማታ ሻንጣዬን ስዘጋ ሻምበል ወርደው በሩ ላይ ቆሙ።

«እሁድስ?»

«ያለ እኔ ይሂዱ።»

«አንተ ነህ ያስጀመርከኝ። ፊቷን ብቻዬን ማየት አልችልም» አሉ። ወደ ደረጃው ዞር ብለው «በቃ፣ ስትመለስ» አሉኝ። ሁለታችንም እንደማልመለስ እናውቃለን።

እንግዲህ ካምፓላ ገባሁ። እዚህ ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ሙዝ አለ፤ ድንች መስሏችሁ ትጎርሱታላችሁ፣ ድንችም ሙዝም አይሆንላችሁም። ዝናቡ ከየት መጣ ሳይባል ይወርዳል፣ ወዲያው ፀሐይ ይወጣል፤ የእኛ ክረምት ቢያንስ ሲመጣ ይታወቃል። ሰዉ ግን ደግ ነው፣ ሐሰት አልናገርም።

ገርጂ ስደውል ስልኩን የምታነሳው የሻምበል ልጅ ማህሌት ናት። «አባዬ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል።» በሌላ ጊዜ «ጠበል ሄዷል።» ደግሞ «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው።»

«ማህሌት፣ ይሄ ምን የሚሉት ጉንፋን ነው?»

«አየሩ ነው ባክህ።»

እኔም የጥያቄ መዓት እልክላታለሁ፤ ሲነቁ አንብቢላቸው እላለሁ። «እሺ» ትለኛለች።

አንድ እሁድ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሦስት የአገሬ ሰዎች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። በጩኸቴ ያከራየችኝ ማማ ሩት ባትሪዋን ይዛ ከቤቷ ወጣች።

«ማን ሞተ?»

«ጎረቤቴ። አዲስ አበባ።»

«መቼ?»

«ከሁለት ወር በፊት።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ያስለቅስሃል?»

«ዛሬ ነው የተነገረኝ።»

«አገራችሁ ስልክ የለም እንዴ?»

አለ፣ ማማ ሩት። ስልክስ ሞልቷል።

ሰዎቹ ሲሄዱ ማህሌት ጋ ደወልኩና ጮህኩባት። እትዬ የሺን የዋሸው መንግሥት ነው፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ አልኳት። ለሞተ ሰው ጥያቄ ስታስልኪኝ ምን ተሰማሽ አልኳት። እያለቀሰች «በሰው አገር ብቻህን ሆነህ እንዴት እንንገርህ?» አለችኝ። «አጠገብህ ማን አለ ብለን?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ባለሥልጣኑ ይደብቃል፣ ቤተሰቡ ይደብቃል፣ ታሪክ ጸሐፊ ነኝ የምለው እኔ ደግሞ የተደበቀውን ፍለጋ ስዞር እውላለሁ። ግርማ የወደቀበት ቦታ ከሻምበል ጋር ተቀበረ። እንዲህ ያለውን ነገር ነው ወግ የምንለው።

ትናንት ከሰዓት እትዬ የሺ ደወሉልኝ።

«ኤፍሬም ልጄ፣ የሻምበል ለቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ ‹አንድ እሁድ ቤትዎ ልንመጣ ነበር› አሉኝ። ለምን ብላቸው ‹ኤፍሬም ያውቃል› ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ምን ነበር ጉዳዩ?»

ሽማግሌ ተብዬው እንኳ ወደ እኔ ገፍቶት ሄደ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር፤ አልዋሽም፣ ጉንፋንም ጠበልም አልልም። ሞቷል ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እትዬ የሺ፣ አጠገብዎ ማን አለ?»

በስልኩ ውስጥ አንድ አውሮፕላን በጎሮ ላይ ሲያልፍ ይሰማኛል። ድምፁ እስኪጠፋ ሁለታችንም አልተናገርንም።

«ማንም የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ቆየኝ ልጄ። ጎረቤት ልጥራ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ሰማሁ። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ሲያዩት የኖሩትን የብረት በር ራሳቸው ሲከፍቱት ሰማሁ።