ገንቦ ላይ የበቀለ እንሰት

በጃንሆይ ዘመን እኛ ሸክላ ሠሪዎች እንሰት ከነካን ተክሉ ይደርቃል ይባል ነበር። ገበሬው ያምናል፣ ሚስቱ ታምናለች፣ የገዛ እናቴም ታምናለች። ወይ ጉድ! በሠራነው ድስት ጎመናቸውን ቀቅለው ይበላሉ፤ ወደ ጓሯቸው ግን አያስገቡንም። ቆጮውን በቅጠል ጠቅልለው በአጥር ላይ ያቀብሉናል። ጎጇችን ያረፈችበት መሬት የባለርስት ነው። አጥር አልፋችሁ ገባችሁ ከተባለ መባረር ነው።

እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ነገረኛ ነኝ፤ የከለከሉኝን ነው የምወደው። ገንቦው ሳይደርቅ አንገቱ ላይ በእሾህ እየጫርኩ እንሰት መሳል ጀመርኩ። ቡታጅራ ገበያ ይዤው ስወጣ ሴቶቹ ከበቡኝ።

"ኧረ ይቺ ሙዝ ነው የሳለችው!" አለች አንዷ። "እንሰት መቼ ነው ዝም ብሎ ሥሩ ልጅ የሚያበቅለው?"

እውነቷን ነው። ሙዝ በራሱ ዙሪያውን ልጅ ያበቅላል፤ እንሰት ግን እናቲቱ ተቆርጣ ካልተቀበረች ልጅ አይሰጥም። እኔ ከአጥር በላይ የማየው ቅጠሉን ብቻ ነው። እግሩን ማን አሳይቶኝ! የወንዝ ዳሩን ሙዝ እግር ወስጄ ሥዕሉ ላይ ቀጠልኩበት። ሲስቁብኝ ገንቦዎቼን ተሸክሜ ተመለስኩ።

አንዲት ከሰሜን የመጣች የአስተማሪ ሚስት ደንበኛዬ ነበረች። የተከራዩት ቤት ጓሮው እንሰት ነው። ገንቦ ላደርስላት ሄጄ ዓይኔን ከጓሮው መንቀል ሲያቅተኝ አየችኝ።

"ግቢና እዪው እንጂ!"

"ይደርቃል እሜቴ።"

"ቢደርቅ እኔ እጠየቃለሁ።"

ለእሷ ምን አለባት! ቢከፋት በመኪና አገሯ ትገባለች። እኔ ወዴት ልሂድ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልባል ፈራሁ። ግን እግሬ አልሰማኝም። ገብቼ ሥሩ ቁጢጥ አልኩና እጄን ዘረጋሁ። ግንዱ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ጠዋት እንደማቦካው ጭቃ። አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ በኋላ ጭንቅ ሆነ። ውሃ ልቀዳ በዚያ ሳልፍ አንድ ቅጠል ጠውልጎ ካየሁ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። "አምላኬ፣ እባክህ አታድርቀው" እላለሁ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። እንሰቱ እቴ! ከቤቱ ክዳን በላይ ሄደ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። እናቴ ያን ጊዜ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ የገዛ እጇን ክፉ ነው ብላ ኖራለች፣ በከንቱ። ልነግራት አስቤ ፈራሁ። በድንጋጤ ብትጮህ ጎረቤት ይሰማል፤ ያን ጊዜ አለቀልን። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

በሌላ ገበያ ሴቶቹ አዲሱን ገንቦዬን እያገላበጡ "አሁን እንሰት ሆነ! ማን አሳየሽ?" አሉኝ።

"በአጥር ቀዳዳ አይቼ ነዋ" አልኩ።

ለእናቴም አንድ ሠራሁላት። ደጅ ተቀምጣ አንገቱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ እስከ ሥሩ።

"እንዴት ያምራል፤ ምንድን ነው ልጄ?"

"እንሰት ነው እማ።"

እጇን ቶሎ ሰበሰበች።