ተኝታለች የሚለው ደወል

ሰውየው ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ነበር። «ቆጣሪ ላነብ ነው እናቴ» አለኝ። እኔ ደግሞ ሰደርያ የለበሰ ሰው ሁሉ ከመሥሪያ ቤት የተላከ ይመስለኛል፣ ከፈትኩለት። ቆጣሪያችን ያለው የግቢው በር ጋ ነው። እሱ ግን አልፎኝ ቤት ገባ። ሳሎኑን አየ፣ መኝታ ቤቱን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የባለቤቴን ፎቶ አየና «እሳቸው አረፉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኬን አንስቶ፣ እንደ ራሱ ዕቃ ኪሱ ከተተና «በሉ ደህና ይዋሉ» ብሎኝ ወጣ።

አልነካኝም። አልተቆጣኝም። ደህና ይዋሉ ነው ያለኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እደበቅ ጀመር። ጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ውስጥ ገብቼ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ፣ መሽቶ ልጄ እስክትመጣ እቀመጣለሁ። «ሰው አታስገቢብኝ» እላታለሁ ጠዋት ስትወጣ፣ እሷ በሩን ይዛ የምትውል ይመስል።

ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ኦሎምፒያ ጋ ቢሮ ትሠራለች፣ የምንኖረውም ከመስቀል ፍላወር ገባ ብሎ ነው፣ በእግር ትመላለሳለች። አንድ ቅዳሜ ባለሙያ ይዛ መጣች። ከካርቶኑ ያወጣው ነገር ሳሙና ያህላል፤ ጥቁር ነው፣ ከላይ እንደ በግ ዓይን ያለ መስታወት፣ ከታች የሚጫኑት ክብ ነገር አለው።

«ደወልም ነው፣ ካሜራም ነው» አለኝ። «የመጣውን ሰው ሳይከፍቱ ያዩታል፣ ያነጋግሩታል።»

የበሩን ምሰሶ ሊበሳ ሲል የለካው በራሱ ቁመት ነው፤ ሰውየው ደግሞ መለሎ ነው። «ዝቅ አድርገው» አልኩት። «ጓደኛዬ አጭር ናት። እዚያ ላይ ካረግከው የሚታየኝ አናቷ ብቻ ነው።» ልጄ «እማዬ፣ ለሌባ እኮ ነው የምናስገጥመው» አለችኝ። «ሌባም አጭር ይኖራል» አልኩ። ባለሙያው ስቆ ዝቅ አደረገው።

ከዚያ ዋይፋዩ እስከ ግቢው በር አልደርስ አለ። ሳጥኑን ከሳሎን ወደ መስኮቱ አዛወሩት። ልጄ ስልኳን ይዛ ደጅ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ «አሁን ያዘ፣ አይ ጠፋ» ትላለች። በመጨረሻ ሲይዝ ስልኳ የሆነ ነገር ጠየቃት።

«ባለቤት ተብሎ ማን ይመዝገብ?» አለ ባለሙያው።

«እኔ ነኛ! ቤቱ የማን ነው?»

ሁለቱም ሳቁብኝ። «ኢሜይል ያለው ሰው ነው የሚፈልገው እማዬ» አለች። እኔ ኢሜይል ከየት አመጣለሁ። ስልኬም ከተወሰደ በኋላ የያዝኳት ተራዋን ናት፣ መደወልና ማንሳት እንጂ ሌላ አታውቅም። ባለቤት እሷ ሆነች።

ውስጥ ደግሞ ሶኬት ላይ የሚሰካ የሚጮህ ነገር ነበረው። ሲሞክሩት ክው አልኩ፤ ወንበር ያዝኩ። እባክሽ ይሄ ነገር ገደለኝ አልኳት። ነቀለችው።

«በቃ አታስቢ» አለችኝ። «ሰው ሲመጣ በኔ ስልክ ላይ ይታያል። የምናውቀው ሰው ከሆነ ደውዬ ክፈቺ እልሻለሁ። እኔ ካልደወልኩልሽ አትክፈቺ።»

ጉንጯን ስሜ መረቅኳት።

እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ስልኬ ይጮሃል፣ «እማዬ፣ አክስቴ ናት፣ ክፈቺላት» ትለኛለች። ወይም «ውሃ የሚያመጣው ሰውዬ ነው»። ቢሮዋ ቁጭ ብላ ደጄን ትጠብቅልኛለች። ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። የወለደ ተጦረ እያልኩ።

ጓደኛዬ ግን መምጣት ተወች።

እኔና እሷ ካዛንቺስ አንድ ግድግዳ ነበር የሚለየን። ባለቤቴ ወደዚህ ቤት ሲያመጣኝም እሷ እዚያው ቀረች፣ ግን በእግር የምንጠያየቅበት ነው፣ እንደተለየንም አልቆጠርነው። ልጄን ወልጄ ሆስፒታል ተኝቼ በቀረሁ ጊዜ ያቺን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጄ አፏን የፈታችው እትዬ ብላ ነው። በኋላ ሰፈሩ ሲነሳ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳትና ሄደች። ከዚያ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትመጣው፣ ጉልበቷን እያመማት። ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም፤ ራሷ አዘጋጅታ ያስፈጨችውን ሽሮ፣ ወይ በርበሬ፣ በፌስታል ቋጥራ ትመጣለች። ደጅ ስትደርስ «ቤቶች! የዚህ ቤት ሴትዮ አልሞተችም?» ብላ ነው የምትገባው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ በዚህ ቤት የሳቅሁት እሷ ስትመጣ ነው።

መቅረቷን መጀመሪያ በዝናቡ አሳበብኩ፣ ቀጥሎ በታክሲው። ኋላ ደወልኩላት።

«ምነው ጠፋሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ኧረ እንዴት ነው ነገሩ፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። አንቺ ብቻ እንቅልፍሽን ጠግበሽ ተኚ» ብላ ዘጋችው።

የምን እንቅልፍ ነው? ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ የምውል ሴት! ተቀየምኳት። ሰፈር ሲፈርስ ወዳጅነትም አብሮ ይፈርሳል ማለት ነው አልኩ። ማታ ራት ላይ ለልጄ ነገርኳት፤ እትዬሽ ተወችኝ አልኳት። ልጄ ቀና ብላ አላየችኝም። እንጀራውን እየቆረሰች፣

«ተያት እማዬ» አለችኝ። «ሰው ይቀየራል።»

እኔም ተውኳት። ማለቴ፣ አልተውኳትም፣ ሁለተኛ አልደወልኩም እንጂ።

አንድ ቀን ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ የግቢው በር ቁልፍ እንቢ አለኝ። በአንድ እጄ ሽንኩርቱ፣ በአንድ እጄ ቁልፉ፣ በሩን በትከሻዬ ስገፋ ክርኔ ደወሉን ነካው። ክቡ ነገር ሰማያዊ በራ። ከዚያ ልጄ ተናገረች።

«ጤና ይስጥልኝ። እናቴ አሁን ተኝታለች። እባክዎ ሌላ ጊዜ ይመለሱ።»

«ኧረ እኔ ነኝ!» አልኩ። «ደጅ ነኝ፣ ቁልፉ እንቢ ብሎኝ ነው!»

ዝም። ያ ለቢሮ ሰው የምታወራበት ቀጭኑ ድምጿ ነው። አልሰማችኝም ብዬ በጣቴ ተጫንኩት። ጤና ይስጥልኝ አለችኝ እንደገና። «እናቴ» ካለች በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ትወስዳለች። እንደገና ተጫንኩት። ያችው ትንፋሽ፣ እዚያችው ቦታ ላይ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ እዚያ የለችም። የቀዳችው ድምፅ ነው።

አንቺ ብቻ እንቅልፍሽን ጠግበሽ ተኚ።

ሽንኩርቱን መሬት አስቀምጬ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ያልፋል፣ አላየሁትም። ለካ እዚያ ተቀምጬ ልጄ በስልኳ ታየኝ ኖሯል፤ ከመውጫ ሰዓቷ በፊት እየሮጠች መጣች፣ የቢሮ ባጇ አንገቷ ላይ እንዳለ።

«እማዬ ላስረዳሽ…»

«ክፈቺልኝ መጀመሪያ» አልኳት።

ገባን። እዚያው ቁጭ አልኩና አሳዪኝ አልኳት።

«ምኑን?»

«እሷን። ካሜራ አይደል? ይቀርጻል ስትሉ ሰምቻለሁ። አሳዪኝ።»

አላንገራገረችም። ስልኳን ያዘች፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሰጠችኝ። ጓደኛዬ መጣች። ዝቅ ተደርጎ ስለተተከለ ፊቷ በሙሉ ይታያል፣ ላቧ ሳይቀር። ፌስታል ይዛለች። ደወሉን ተጫነች፣ የልጄ ድምፅ ያን ነገር አለ። ጓደኛዬ ፊቷ በራ። ጎንበስ ብላ ለመስታወቱ ማውራት ጀመረች።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ? ዛሬ ቢሮ አልገባሽም? ተኝታ ነው እንዴ… አሟታል? በይ አትቀስቅሻት። ሽሮውን እዚህ ሰቅዬዋለሁ። መጥታ ነበር በያት፣ እሺ?»

መልስ ጠበቀች። ፌስታሉን የበሩ እጀታ ላይ አንጠለጠለችና ሄደች።

ሽሮውን በልተነዋል። ልጄ ማታ ይዛው ገብታ ከሱፐርማርኬት ነው ብላኝ፣ እኔም እያማሰልኩ «የእሷን ሽሮ ይመስላል» ብዬ ነበር። እዚያው ቆማ ሰምታኛለች።

ሌላ ቀን ደግሞ መጣች። «አሁንም ተኝታለች? በዚህ ሰዓት? ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?» መስታወቱን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። በመጨረሻ በመጣችበት ቀን ደወሉንም አልተጫነችም። ቆማ አየችው። መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ። ነጠላዋን አስተካከለችና ሄደች።

ስልኩን መለስኩላት። «ለማላውቀው ሰው ብዬ ነው የቀዳሁት» አለች። «ስብሰባ ላይ ስሆን ራሱ እንዲመልስ። ሴቲንጉ ነው እንጂ…»

«እትዬሽን አታውቂያትም?»

ባጇን ከአንገቷ አወለቀች።

«ከሥራ በኋላ በስልክሽ አላየሻትም? ፌስታሉን አላነሳሽም? ከሱፐርማርኬት ነው አላልሽኝም?»

«እሺ፣ አይቻታለሁ!» ብላ ጮኸች። «እማዬ፣ ሴትየዋ አፏ አያርፍም! ያ ሌባ ብቻሽን እንደምትውይ ማን ነገረው? ታክሲ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት፣ የሁሉን ሰው ጉዳይ ታወራለች። ከእሷ ነው የወጣው፣ ሌላ ከማን ይወጣል?»

«ታክሲ ውስጥ የምታወራው ስለ ጉልበቷ ነው። ሰማሻት?»

«አልሰማኋትም…»

«ታዲያ?»

«ደግሞ አንቺ ራስሽ እኮ ነሽ ሰው አታስገቢብኝ ያልሽኝ!»

«ሰው አልኩ እንጂ እሷን አልኩ?»

አለቀሰች። አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽኝ፣ አንድ ነገር ብትሆኚብኝስ አለች። ፍርሃቷ እውነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ከኔ ነው የወሰደችው። ግን ሌባው የወሰደብኝ ስልክ ነው። ይህችኛዋ ምን እንደወሰደችብኝ እያወቀች ራት ላይ አብራኝ ትቀመጥ ነበር፤ ሰው ይቀየራል እያለችኝ።

ጠዋት ሳልነግራት ወጣሁ። ብቻዬን እንደዚያ ርቄ ከሄድኩ ቆይቻለሁ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ሰደርያ የለበሰ ሰው ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ቦርሳዬን አቅፌ ሄድኩ። ኮንዶሚኒየሙን ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት፣ ደረጃውን ወጣሁ። በሯ ላይ ደወል የለም።

«ቤቶች!» አልኩ።

ውስጥ ይሰማኝ የነበረው የትሪ ድምፅ ቆመ።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

እርምጃዋ በሩ ጋ ደረሰ። ከዚያ ድምጿን አቅጥና፣ እንደ ልጄ አድርጋ፣

«እሷ እኮ ተኝታለች» አለች። «እባክዎ ሌላ ጊዜ ይመለሱ።»

ልስቅ አልኩ፣ አልመጣልኝም። ቀልድ ይሁን እውነት አላወቅሁም። በሩን ተደግፌ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ብቅ ብላ አይታኝ ገባች። ቆይታ ጓደኛዬ ከፈተች። ምስር ትለቅም ኖሯል፣ ትሪውን በክንዷ ይዛለች።

«ተነሺ፣ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ምስሯን እየለቀመች ሰማችኝ። «ማሽን ነው እኮ» አልኳት መጨረሻ ላይ። «አንቺን ብሎ አይደለም፣ ለመጣ ሁሉ ያንኑ ነው የሚለው።» ስለ ሌባውና ስለ ታክሲው ልጄ ያለችውን አልነገርኳትም። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

«ማሽኑስ ማሽን ነው» አለች። «ያዘልኳት ልጅ ግን አይታኛለች። ቆሜ ሳወራ አይታኛለች። አይደል?»

አዎ አልኩ።

«አንቺን አልተቀየምኩም። ስትፈልጊ ነይ፣ ቤትሽ ነው። እኔ ግን እዚያ ደጅ ሁለተኛ አልቆምም።»

ለመንኳት። ደወሉን አስነቅላለሁ አልኳት። «አታስነቅዪ» አለችኝ። «እፈራለሁ ትያለሽ አይደል? ይኑርልሽ።» ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ። ፌስታል ግን አልያዘችልኝም።

ደወሉ አልተነቀለም። እሷ ያለችው ልክ ነው፣ እፈራለሁ። የሚጮኸውን ነገር ሶኬቱ ላይ መልሼ ሰክቼዋለሁ፤ ሲጮህ አሁንም እደነግጣለሁ፣ ግን እየደነገጥኩ ሄጄ «ማነው?» እላለሁ። የሚመጣው አክስቷ ነው፣ ውሃ የሚያመጣው ሰውዬ ነው። ልጄ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ ብላኛለች። ስልኩን ከፍታ አሳይታኛለች፣ እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ካለች ጠፍቷል ይሆናል።

ግን ከውጭ በመጣሁ ቁጥር፣ ቁልፌን ከቦርሳዬ ከማውጣቴ በፊት፣ ደወሉን እጫነዋለሁ። ሰማያዊው ይበራል። ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ዝም ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ልጄ ከቢሮዋ ታነሳዋለች፣ እውነተኛዋ፣ ከኋላዋ የሰው ድምፅ እየተሰማ።

«እማዬ? ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» እላታለሁ። «አለሁ ወይ ብዬ ነው።»