የሙት ልጆች ደሴት

ከሐረር የወጣሁ ቀን እናቴ የሸኘችኝ እንደ ጎረቤት ሆና ነው። አባቴ በሶማሊያ ጦርነት ሞቷል፤ እሱ እውነት ነው። ወደ ኩባ የሚላኩት ግን እናትም አባትም የሌላቸው ልጆች ናቸው ሲባል ስትሰማ፣ እናቴ ቀበሌ ሄዳ ራሷን አስገደለች። «ሁለቱም ወላጆች በሕይወት የሉም» ተብሎ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ «እማዬ እንዳትዪ፣ እትዬ በይ» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። «እትዬ፣ ደህና ይሁኑ» ብያት ተሳፈርኩ። እሷም ጉንጬን ሳም አድርጋኝ እንደማንኛውም ጎረቤት ወደ ቤቷ ዞረች። ከአሰብ በመርከብ ሳምንታት ተጓዝን፤ አብዛኛውን መንገድ ሳስመልስ ነበር።

አገር ቤት ያላችሁ ኩባ ሲባል ሲጋራና ጭፈራ ይመስላችኋል። እኛን የወሰዱን ከዋናዋ ደሴት በስተደቡብ ወዳለች ትንሽ ደሴት ነው፤ የወጣቶች ደሴት ይሏታል። አሸዋው ጥቁር የሆነ የባሕር ዳርቻ አላት፤ ማዕበሉ የዳርቻውን ጥቁር እብነ በረድ ፈጭቶት ነው አሉን። እኔ ከሰል የፈሰሰበት መስሎኝ ለመርገጥ ፈርቼ ነበር። ከዋሻዎቿ በአንዱ፣ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የኖሩ ሰዎች ጣሪያው ላይ ቀይና ጥቁር ክብ በክብ ሥለዋል። «ሰዎቹ የት ሄዱ?» ብዬ መምህራችንን ጠየቅኳት። «አለቁ» አለችኝና ሰልፍ አስያዘችን። ከእነሱ በኋላ የባሕር ወንበዴ ተደበቀባት፤ ከዚያ መንግሥት እስረኛ አጎረባት። ክብ ሆነው የተሠሩት ትልልቅ እስር ቤቶች ባዷቸውን ቆመው በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ ደግሞ እኛ መጣን። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት እንለቅማለን። መጀመሪያ ቀን ብርቱካን መስሎን ብንገምጠው እንደ ኮሶ መረረን። በቀቀኖች በላያችን እየተንጫጩ ያልፋሉ፣ ረግረጉ ውስጥ አዞ አለ፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ተቃቅፈን እናለቅሳለን። ውብ ደሴት ናት፤ አልዋሽም። ግን ያየሁትን የምነግረው ሰው አልነበረኝም። የሙት ልጅ ለማን ደብዳቤ ይጽፋል?

አገራችን መንግሥት ሲለወጥ እዚያው ተረስተን ቀረን። ከብዙ መከራ በኋላ በሜክሲኮ አድርጌ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ገባሁ። ከዚያ ሁሉ ሙቀት በኋላ የኦክላንድ ጭጋግ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። የጥገኝነት ጥያቄዬን የሚመረምረው ሰውዬ «እናትሽ በምን ሞተች?» አለኝ። የትምህርት ማስረጃዬ ሞታለች ይላል፤ ወረቀት ከወረቀት ከተጋጨ ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። «በወባ» አልኩት። «አይ አም ሶሪ» ብሎ ሶፍት አቀበለኝ። አለቀስኩ፤ ለቅሶዬ የምር ነበር። ዜግነት ስወስድም ያንኑ ደገምኩት።

ወረቀቴን ካገኘሁ ወዲህ ሁለቴ ሐረር ሄጄ እናቴን አይቻታለሁ። አሁን ልጆቼን የማሳድገው እዚሁ አጠገብ፣ አላሜዳ፣ የሰው እናት አጥቤ እያበላሁ ነው፤ እናቴም የምትኖረው ከዚሁ በምልክላት ብር ነው። ሰማንያ ዓመት አልፏታል፣ ዓይኗ ጠፍቷል፣ አብራት የነበረችው እህቷ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። ወደዚህ ላመጣት ቆረጥኩና ዳውንታውን ጋሽ መኮንን ዘንድ ሄድኩ። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው። ፋይሌን አገላብጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንዱ፣ እናትሽ ስንት ጊዜ ነው የሞቱት?»

«አራቴ፣ ጋሼ። በቀበሌ፣ በትምህርት ቤት፣ በአሳይለም፣ በሲቲዝንሺፕ።»

«እናትሽ መሆናቸውን በዲኤንኤ ፕሩቭ እናደርጋለን። ችግሩ እሱ አይደለም። በሕይወት አሉ ካልሽ በመሐላ ዋሽተሻል ማለት ነው፤ ሲቲዝንሺፕሽን ሊነጥቁሽ ይችላሉ። እሳቸው ሳይመጡ አንቺ ልትሄጂ ነው።»

«ከሄድኩማ እሷ ጋ ደረስኩ አይደል?»

አልሳቁም። «ልጆችሽስ? ደግሞ አንቺ ካልሠራሽ እሳቸውን ማን ያበላል? አስቢበትና ኮል አድርጊልኝ» አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«እዚያ ደሴት ጠግበሽ ትበይ ነበር?» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም።

«እበላ ነበር፣ እማዬ። ሩዝና ጥቁር ባቄላ፣ በቀን ሦስቴ።»

«ጫማስ?»

«ነበረኝ።»

«እንግዲያው ተዪኝ። አንዴ ሞቼልሻለሁ፤ አታስነሺኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ» ብላ ዘጋችው።

ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩባት። ያኔም አላማከረችኝም፣ አሁንም አላማከረችኝም። ጋሽ መኮንን ሁለቴ ደውለዋል፤ እስካሁን አላነሣሁም።