የሠረገላ ማረፊያው ገና

አባቴ እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር። ከእኔና ከትንሿ ልጄ ጋር በሚኖሩበት፣ ፈረንጅ አገር፣ ማውንትሌክ ቴራስ ባለው አፓርታማችን፣ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያዩት ግን የእንግሊዝኛ ፊልም ነበር። አሮጌ አሮጌ ፊልም ብቻ የሚያሳይ አንድ ጣቢያ አለ። እሱ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ የካውቦይ ተከታታይ ያሳያሉ፤ ተዋንያኑ ሁሉ ሞተው ያለቁ ይመስለኛል። ታሪኩ በረሃ መሀል የፈረስ ሠረገላ ማረፊያ ስለሚያስተዳድር አንድ ሽማግሌ ነው። ሠረገላው ይመጣል፣ ፈረስ ይቀየራል፣ መንገደኛው ይበላል፣ ጠብ ይነሳል፣ ሽጉጥ ይመዘዛል፣ ሠረገላው ይሄዳል። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ሌላ መንገደኛ።

"ይሄ እኮ ሚሌ ነው" ይሉኝ ነበር አባባ።

ጉልበት በነበራቸው ዘመን ሁሉ ሚሌ ላይ እያረፉ ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌውን የሚያዩት በአካል እንደሚያውቁት ሰው ነበር። "እዪው፣ እዪው፤ ከሰዎቹ በፊት ፈረሶቹን ነው የሚያየው። እኛም ጎማ ሳናይ ምግብ አንቀርብም ነበር።" እኔ ወደ ፋርማሲ ሥራዬ ለመሄድ ቁልፌን እየፈለግሁ "እውነትዎን ነው አባባ" እላቸውና እወጣለሁ። ስመለስ የዕለቱን ታሪክ ያወሩልኛል። ቋንቋውን ስለማያውቁ ግማሹን ከራሳቸው ነው የሚጨምሩበት። የእሳቸው ታሪክ ከፊልሙ ይሻል ነበር።

እንዲህ እያልን ብንኖርም ቤታችን ውስጥ የማይነሳ አንድ ነገር ነበር። ታላቅ ወንድሜ።

እማዬ የሞተችው እዚሁ ነው። ስትሮክ መታት፤ ሆስፒታል ስትደርስ ጭንቅላቷ ደም ሞልቶ ነበር። ያኔ አባባ ለእህታቸው ለቅሶ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። እንደሰሙ ተሳፈሩ። ዶክተሩ እኔንና ወንድሜን አንድ ትንሽ ክፍል አስገብቶ፣ የሚተነፍሰው መሣሪያው እንጂ እሷ እንዳልሆነች፣ ከዚህ በኋላ የሚጠበቅ ነገር እንደሌለ ነገረን። ወንድሜ ብዙ ጠየቀ። ደጋግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። "ይነቀል" አለ። አባባ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ገና ውቅያኖስ ላይ ነበር።

ለቅሶው ላይ፣ አዳራሹ ሞልቶ፣ ሰው ንፍሮ እየዘገነ፣ አባባ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

"አባትህ እስኪደርስ መጠበቅ አቃተህ?" አሉት። "አንተ ነህ የገደልካት።"

"አባባ፣ እኔም ነበርኩ። አብረን ነው የወሰንነው" አልኳቸው።

"አንቺ ዝም በይ!"

ወንድሜ አልመለሰላቸውም። ጫማውን ፈልጎ ወጣ። እስከዚያን ቀን አብሮን ነበር የሚኖረው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ርቃ ባለችው ኦበርን ቤት ተከራየ፤ እዚያው አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። የሚደውልልኝ አባባ አጠገቤ እንደሌሉ ሲያውቅ ነው። እሳቸውም ስሙን አይጠሩትም። መጠቀስ ካለበት "ያ ሰውዬ" ነው የሚሉት። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ በመሀል የአባባ ሳንባ እየደከመ፣ ልባቸው እየሰነፈ ሄደ፤ ቱቦውም መጣ።

ባለፈው የፈረንጅ ገና ዕለት ሥራ አልነበረኝም። ውጭው ዝናብ ነው፤ ከጠዋቱ የመሸ ይመስላል። አባባ ጾም ላይ ስለነበሩ ሽሮ እየሠራሁላቸው ሳለ ከሳሎን ጮኹ።

"ነይ! ነይ ምን እንደሚባባሉ ንገሪኝ!"

የዕለቱ ክፍል የገና ክፍል ነበር። ማረፊያው በበረዶ ተዘግቷል። ሠረገላው መሄድ ስላልቻለ መንገደኞቹ እዚያው ሊያድሩ ነው፤ አንዲት እናት ከነሕፃኗ፣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ፣ እና አንድ ፖሊስ፣ በሰንሰለት የታሰረ ሰው ይዞ። እስረኛው ሊሰቀል ነው የሚወሰደው። ሽማግሌው ፋኖሱን ከፍ አድርጎ የእስረኛውን ፊት ሲያይ ፋኖሱን መልሶ ያወርደዋል። አባባ ያን ጊዜ ነበር የጠሩኝ።

"ይሄኛው የሽማግሌውን ወንድም ነው የገደለው" አልኳቸው ትንሽ አዳምጬ።

"አውቄያለሁ!" አሉ። "ዓይኑን ሳየው አውቄያለሁ። ቀጥዪ።"

ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ቃል ተረጎምኩላቸው። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ነጋዴው ከጨርቁ ቀዶ መጠቅለያ ይሰጣል። ሽማግሌው እንጨት ሊፈልጥ ይወጣና መጥረቢያውን ይዞ በረዶው ውስጥ ቆሞ ይቀራል። አባባም አብረውት ቆሙ፤ ቱቦው ተወጠረ። ከዚያ ሽማግሌው መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክቶ ይገባል። ፖሊሱን "ፍታው" ይለዋል። እስረኛውን ጠረጴዛው ጋ ያስቀምጠዋል፤ ወጥ በራሱ እጅ ይጨልፍለታል፤ አንድ ነገር ይለዋል። እስረኛው ቀና ብሎ አያየውም፤ እያለቀሰ ይበላል።

"ምን አለው?"

"ብላ፤ ይቀዘቅዛል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"መልሺው እስቲ።"

መለስኩት። ደግመን አየን፤ ሽማግሌው ያችኑ አለ።

"ይቅር ብዬሃለሁ አላለውም?"

"አላለውም አባባ።"

"ታዲያ ሰውየው በምን አወቀ?"

"ገባው መሰለኝ" አልኩ። ፊልሙን እስኪያልቅ አየነው። በማግስቱ በረዶው ያቆማል። ፖሊሱ እስረኛውን መልሶ ያስረዋል፤ ሠረገላው ይሄዳል፤ ሽማግሌው ለፈረሶቹ ውኃ ይቀዳል። አለቀ።

ሽሮውን ነካ ነካ አድርገው ተዉት። ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ እያጠፍኩ ሳለሁ፣ ከመስኮቱ ሳይዞሩ "ለገና ወንድምሽን ጥሪው" አሉኝ። ወንድምሽ። ስንት ጊዜ ሆነኝ ያን ቃል ከእሳቸው አፍ ከሰማሁ።

ማታ ሥራ እስኪገባ ጠብቄ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ደወልኩለት።

"ባሰባቸው እንዴ?" አለኝ ገና ሄሎ ሳልል።

"አይ፣ ደህና ናቸው። ለገና ጥሪው አሉኝ።"

"እሳቸው ናቸው ያሉት?"

"እሳቸው ናቸው፣ ወንድም ጋሼ።"

ከኋላው የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ጩኸት ይሰማል። "ኦኬ" አለ በኋላ። "ኦፍ አይሰጡኝም፣ ሶ ከሥራ በቀጥታ እመጣለሁ።"

የእኛ ገና ሲደርስ አባባ በሌሊት ተነስተው ጢማቸውን ተላጩ። ኮታቸውን ለበሱ። ልጄ "ግራንድፓ፣ ሶ ሃንሰም!" ብላ ማማራቸውን ስታደንቅ፣ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ሳቁላት። ወንድሜ እስኪመጣ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቁኝ፤ "ያ ፊልም አለ?" ሬከርድ አድርጌዋለሁ እላቸዋለሁ። ትንሽ ቆይተው "እርግጠኛ ነሽ?" ይላሉ።

ረፋዱ ላይ መጣ። የሚያብረቀርቀውን የሥራ ሰደርያ እንኳ አላወለቀም። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሲቆም ይወዛወዛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ያንን ሁሉ መንገድ በትራፊክ ነድቶ ነው። ጎንበስ ብሎ የአባባን ጉልበት ሳመ። እጃቸው ተነሳች፤ ጭንቅላቱ ላይ ልታርፍ ነው ስል አየር ላይ ቆየችና የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተመለሰች።

"እንኳን አደረስዎ አባባ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን።"

ማዕዱን አቀረብኩ። ልጨልፍ ስል አባባ "ተይ፣ እኔ ልጨልፍለት" ብለው ብድግ አሉ። ቱቦው ጠረጴዛው ድረስ ለመድረስ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው ደረሱ። ከዶሮው ትልቁን ብልት መረጡ፤ እንቁላል ጨመሩ፤ መረቁ ኮታቸው ላይ ተንጠባጠበ። ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቱ አስቀመጡለት። ትንፋሻቸው አጥሮ ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የወጣው።

"ብላ... ይቀዘቅዛል።"

ወንድሜን አየሁት፤ ብላ፣ ብላ፣ እላለሁ በሆዴ።

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ" አለ በትሕትና። "ሥራ ቦታ ፒዛ አምጥተውልን በልቼ ነው የመጣሁት። ትንሽ ልቆይና እበላለሁ።"

ክፋት አልነበረውም። ምን ያውቃል? አባባ ለረጅም ጊዜ ሳህኑን ሲያዩ ቆዩና ተመልሰው ተቀመጡ። "ፊልሙን ክፈቺለት" አሉኝ።

ከፈትኩ። ወንድሜ ሶፋው ላይ ደገፍ አለ። "አሁንም ፈረስ ያያሉ እንዴ?" አለ ፈገግ ብሎ። ሕፃን ያቀፈችው ሴት ከሠረገላው ሳትወርድ የወንድሜ አንገት ወደ ጎን ወደቀ። እንቅልፍ ወስዶታል። ልቀሰቅሰው ስነሳ አባባ በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ተይው። ይተኛ።"

ፊልሙ እስከ መጨረሻው ሄደ። አባባ አንዴም ወደ ቴሌቪዥኑ አላዩም፤ የሚያዩት እሱን ነበር። ሽበት ጀምሮታል። አፉን ከፍቶ ነው የተኛው። ሳህኑ ላይ ቅባቱ ረጋ።

አመሻሽ ላይ የስልኩ ደወል ቀሰቀሰው። "ውይ፣ ሺፍቴ ደረሰ!" ብሎ ዘለለ። ፊቱን ታጠበ፤ ጉልበታቸውን ሳመ፤ "ሌላ ቀን ተረጋግቼ እመጣለሁ" አላቸው።

"እሺ" አሉት።

በሩ ሲዘጋ "አልበላልኝም" አሉ።

"ደክሞት እኮ ነው አባባ። ልደውልለትና ልንገረው?"

"ምን ብለሽ? ተይው።"

አልተውኩትም። በማግስቱ ከፋርማሲው ጀርባ ፓርክ ያደረግሁበት ቦታ ቆሜ ደወልኩለት። "ወንድም ጋሼ፣ አባባ እኮ ይቅር ብለውሃል" አልኩት።

"አሉ?"

"አላሉም፤ ግን ሳህኑን ራሳቸው..."

"ሶ አላሉም።" ድምፁ አልተቆጣም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። "ስሚ። 'ገደልካት' ያሉኝ በአፋቸው ነው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። በየቀኑ ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ከአፋቸው ነው የምፈልገው። ሰው አይስማ፤ ለእኔ ብቻ ይበሉኝ።"

ቤት ገብቼ ይህንኑ ለአባባ ነገርኳቸው፤ ቃል በቃል። "እሱም እውነቱን ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ ካውቦዩን ማየት ተዉ። ጠዋት ቴሌቪዥኑን ስከፍትላቸው "ዝጊው፣ ድምፁ ይረብሸኛል" ይሉኛል። መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ላይት ሬል ባቡሩ ሲያልፍ ማየት ብቻ ሆነ ሥራቸው።

ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ስልኩ ጭናቸው ላይ ነበር።

"ደወልኩለት" አሉኝ። "አንዲት ፈረንጅ ሴት አነሳች፤ አናገረችኝና ዘጋችው።"

የመልእክት መቀበያው ነው። ድምፃቸውን መተው እንደሚችሉ አስረዳኋቸው፤ እኔው ደውዬ ላቀብላቸው አልኩ። በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለማሽን አይነገርም። ሲያነሳ እነግረዋለሁ።" የደወሉት ወንድሜ ቀን ላይ እንቅልፉን በሚተኛበት ሰዓት ነበር። ማታ ሲደውል ደግሞ አባባ ትንፋሽ አጥሯቸው ማውራት አልቻሉም። ነገ ይሻላቸዋል ተባባልን። በማግስቱ አምቡላንስ ጠራሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ራሳቸውን አያውቁም ነበር፤ ወንድሜ ከኦበርን እየነዳ ሳለ አለፉ። መንገዱ ደቡብ ላይ በትራፊክ ተዘግቶ ነበር።

በለቅሶው ሰው ሁሉ ወንድሜን ነው ያጽናናው፤ የበኩር ልጅ ነውና። "ጧሪያቸው ነበርክ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ" ይሉታል። እሱም "አሜን" ይላል። የቀብሩ ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ የእሱ መኪና ውስጥ ሁለታችን ተቀመጥን። ዝናቡ መስታወቱን ሸፍኖት ውጭው አይታይም።

"የደወሉልኝ ቀን" አለኝ፣ "ምን ሊሉኝ ነበር?"

ይቅር ሊሉህ ነበር ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አልሰማኋቸውም። እሱ ደግሞ ከእኔ አይደለም የሚፈልገው።

"አላውቅም" አልኩት። "እነግረዋለሁ ብቻ ነው ያሉኝ።"

ራሱን ነቀነቀ። በምን እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ የራሴ መኪና እንዳለኝ ነገርኩት። ወረድኩ። ቀበቶውን አሰረ፤ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ "ትራፊክ ሳይበዛ ልውጣ፣ ዛሬም ሥራ ገቢ ነኝ" አለና ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ያዘ።