የገደል ጥናት ጉዞ

ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስምሪት ክፍል የተቀጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛዬ ላይ አራት ነገር አስቀመጠልኝ፤ ካርታ፣ ማስመሪያ፣ ቀይ እርሳስና አንድ ጥራዝ የጉዞ ማዘዣ። «ሾፌሩ መኪናውን ይነዳል፤ አንቺ ደግሞ ሾፌሩን ትነጃለሽ» አለኝና ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

የመጀመሪያዋ ማዘዣዬ እህል ጭኖ ወደ አዲ አርቃይ ለሚወርድ የጭነት መኪና ነበረች። ማስመሪያዬን በደባርቅና በአዲ አርቃይ መካከል አጋደምኩ። ርቀቱ ከአውራ ጣቴ ስፋት ብዙም አይበልጥም። «አንድ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ።

ሾፌሩ አያ ገላዬ ይባላል፤ ጣሊያን በጠረገው መንገድ ላይ ያረጀ ሰው ነው። ወረቀቱን አንብቦ፣ አጥፎ፣ ደረት ኪሱ ከተተው።

«እቴ፣ ሊማሊሞን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ካርታው ላይ አይቸዋለሁ» አልኩት።

«ካርታው ላይ ተኝቷል። እታች ግን ቆሞ ነው የሚጠብቀን።»

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። አልተቆጣኝም። ከሸማ ጫፍ ክር አስመዘዘኝና በካርታው ላይ ያለውን ጥምዝምዝ በክሩ እንድከተል፣ ከዚያ ክሩን ዘርግቼ እንድለካ አሳየኝ። ዳገት ከሆነ የጊዜውን ግማሽ እንድጨምር፣ ቁልቁለት ከሆነም እንድጨምር ነገረኝ።

«ቁልቁለቱ ላይ ለምን ይጨመራል?»

«ፍሬኑ ሲግል ቆመን የምናበርድበት ነዋ።»

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ማዘዣዬ የታወቀ ሆነ። መነሻ፣ መድረሻ፣ ነዳጅ፣ የጭነት ክብደት፣ ማረፊያ፣ ሁሉም በየሳጥኑ ይሞላል። ሾፌሮቹ ስሜን ጠርተው «ሙሉ የጻፈችው ሰዓት አይዛነፍም» ይሉ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ከደባርቅ ወዲያ አንድም ቀን እግሬ ረግጦ እንደማያውቅ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ደርግ መጣ፤ አዲስ ሥራ አስኪያጅም ተሾመልን። አቶ በላቸው ይባላሉ፤ መሐንዲስ ናቸው። ያለ ዕቅድ ውኃ አይጠጡም። የሻይ ሰዓት ሳይቀር በሰንጠረዥ አውጥተው ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነበር። በዚያ ሰሞን የስምሪት ኃላፊው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ቦታው ክፍት ነበር። ቦታውን እኔም እፈልገው ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

አንድ ቀን ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ወይዘሪት ሙሉ፣ ቤተሰቤን ተከዜ ሸለቆ ልወስድ ነው። በራሴ መኪና፣ በፈቃድ ቀኔ። በረሃ፣ ገደል፣ ቀይ ድንጋይ። የውጭ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ለማየት ባሕር ይሻገራል፤ የኛ ከጓሯችን ሆኖ አናውቀውም። ዕቅዱን አንቺ ታወጪያለሽ። አያ ገላዬም ፈቃድ ወስዶ ይነዳልናል።»

«እሽ፣ በሰዓት ላድርገው?»

«በደቂቃ» አሉኝ። «አንቺም ትመጫለሽ። የስምሪት ኃላፊነቱን ጉዳይ ስንመለስ እንነጋገራለን።»

ሦስት ቀን ሠራሁት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መነሻ፣ ደባርቅ ሦስት ሰዓት፣ አዲ አርቃይ ስድስት ሰዓት፤ እዚያ አሥር ደቂቃ ዕረፍት፤ ከዚያ ተከዜ ድልድይ፣ ሸለቆውን ማየት አርባ ደቂቃ፤ ተመልሶ አዲ አርቃይ ማደር። የመቀመጫ ድልድል አወጣሁ። በነፍስ ወከፍ የሚጠጣውን ውኃ መደብኩ። ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ የሚጫነውን ዕቃ በስዕል አሳየሁ።

ቅዳሜ ቁስቋም ወዳለው ቤታቸው ወሰድኩት። አቶ በላቸው ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስበው እንደ ስብሰባ አነበቡት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውዲቱ፣ የሆስፒታል ነርስ፣ ሹራብ እየሠሩ ሰሙ። የአሥር ዓመቷ ልጃቸው ሂሩት ምንጣፉ ላይ ተንጋላ ሰማች። የወይዘሮ ዘውዲቱ እናት እማማ ጥሩነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«አስተያየት ካለ?» አሉ አቶ በላቸው።

አስተያየት አልነበረም። ዕቅዱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ስወጣ ሦስቱም ተራ በተራ በር ላይ ያዙኝ። ሂሩት «ጭላዳ ዝንጀሮ እናያለን?» አለችኝ። ወይዘሮ ዘውዲቱ «ቆላው ላይ ሎሚ በርካሽ ይገኛል ይባላል፤ አንድ ቦታ ብታቆሚልኝ» አሉኝ። እማማ ጥሩነሽ ደግሞ ክንዴን ያዝ አድርገው፣

«ልጄ፣ ማኪናዋ በአዲ አርቃይ ታልፋለች?» አሉኝ።

«ታልፋለች እማማ። አሥር ደቂቃም እናርፋለን።»

«አሥር ደቂቃ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ምነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ለሦስቱም «እሽ» ብዬ ዕቅዱን እንደነበረ ተውኩት።

በዚያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ከአቶ በላቸው ጋር ሄድን። ሊቀመንበሩ ፎርሙን ዘርግቶ «የጉዞው ምክንያት?» አለ።

«መዝናናት» አሉ አቶ በላቸው።

«እሱ የለም። ሥራ አለ፣ ሕክምና አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ጥናት አለ።»

«ገደል ልናይ ነው።»

«ገደሉ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ምንም ካልሆነ ምን ያደርግላችኋል?»

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ አድርጎ አሰበልን። በመጨረሻ «ለገደል ጥናት» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት። ከዚያ ስማችንን ሞላ፤ ስድስታችንም በሥራ መደብ ረድፍ «አጥኚ» ሆንን። እማማ ጥሩነሽ በሰባ ዓመታቸው አጥኚ ሆኑ። ሲነገራቸው አልተደነቁም።

የጉዞው ቀን ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን፤ ሰባተኛ ተሳፋሪ ግን ነበረን። እማማ ጥሩነሽ በቅርጫት ቀይ አውራ ዶሮ ይዘው መጡ። ዕቅዱ ላይ ዶሮ የለም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «እኔ ነኝ የምይዘው» አሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ዶሮው አምባ ጊዮርጊስን እስክናልፍ ዝም ብሎ ከዚያ በየኮረብታው ይጮህ ጀመር።

ደባርቅ ኬላ ላይ ጠባቂው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ በመስኮት ዶሮውን አየ።

«ይኼስ?»

አቶ በላቸው ወደ ፊት ለፊት ተመለከቱ። እኔም ተመለከትኩ። እማማ ጥሩነሽ ረጋ ብለው «ለጥናቱ ነው» አሉ።

ጠባቂው መዝገቡ ላይ ጻፈ። ጎኑ ስለነበርኩ አየሁት፤ «አጥኚ ስድስት፣ አውራ ዶሮ አንድ» ይላል። ከዚያ ወደ ስልኩ ሄደ። ለምን እንደሄደ ያኔ አልገባንም።

ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስንደርስ ክር አጋድሜ የለካሁትን ነገር በዓይኔ አየሁት። መንገዱ ከእግራችን ሥር ታጥፎ ታጥፎ ይወርዳል፤ ከታች ቆላው በሙቀት ነጭቶ ይታያል፤ ሹል ተራሮች ከበረሃው ውስጥ እየተነሱ ቆመዋል። ያን ሁሉ ዓመት ሰውን ወደዚህ በቀይ እርሳስ እየላክሁ የኖርኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩና ከአያ ገላዬ ዓይን ሸሸሁ።

ሁለተኛው ጠምዛዛ ላይ አቶ በላቸው «አቁም» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። በዕቅዱ ወረቀት ፊታቸውን ሸፍነው እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

«በእግሬ ልውረድ» አሉ።

«ጌታዬ፣ ሩቅ ነው» አለ አያ ገላዬ።

«በእግሬ ነው የምወርደው» አሉና በቢሮ ጫማቸው፣ ቦርሳቸውን እንደያዙ፣ የተራራውን ግድግዳ ጥግ ይዘው ጉዞ ጀመሩ። እኛ በአንደኛ ማርሽ ከኋላቸው ተከተልን። መንገዱ ዳር ጭላዶች ተኮልኩለው ሣር ይነጫሉ፤ ሥራ አስኪያጃችን ሰልፍ እንደሚጎበኝ ባለሥልጣን በመካከላቸው አለፉ። ሂሩት ከመስኮት ወጥታ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። እማማ ጥሩነሽ «ተይ፣ አባትሽ ነው» አሏትና እሳቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ዶሮው ጮኸ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተናል። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ማየቱን ተውኩት።

አዲ አርቃይ የደረስነው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ዋርካ ሥር ወደ መቶ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። አንድ የአካባቢ ሹም ወደ መኪናችን ሮጦ መጣና «የገደል ጥናት ቡድን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። ከኬላው ስልክ ተደውሎለት ኖሯል። አቶ በላቸው አቧራ እንደለበሱ፣ ተረከዛቸው እንደተላጠ፣ ወደ ጠረጴዛው ተወሰዱ። ስለ ገደል ጥቅም እስከ ዛሬ የማስታውሰውን ንግግር አደረጉ። «ገደል የተፈጥሮ ሀብት ነው» ካሉ በኋላ ቃል አለቀባቸው።

አንድ ሽማግሌ እጁን አወጣ። «ባለፈው ክረምት ሁለት ላም ገብቶብኛል። ልትደፍኑት ነው?»

ሌላው «አጥር ይሠራለት» አለ። ሦስተኛው፣ ራሱ ላይ ሸማ የጠመጠመ ቀጭን ገበሬ፣ ከኋላ ቆሞ ተናገረ።

«ከደጋ ድረስ መጥታችሁ ገደል ታጠናላችሁ። ሸጋ። እኔ ግን ከገደሉ ወዲያ ማዶ እህት አለችኝ፤ ዘጠኝ ዓመት አላየኋትም። መንገዱን ብታጠኑልኝ ይሻለኛል።»

አጠገቤ ቅርጫቱ መሬት ላይ ወደቀ። እማማ ጥሩነሽ «ንጋቱ» አሉ፤ ጮክ ብለው አልነበረም። ሰውየው ግን ሰማ። ሰዉን በክርኑ እየገፋ መጣና «እታለም፣ አንቺ ነሽ?» አለ። ሲተቃቀፉ የሹሙ ስብሰባ ተበተነ። ዶሮው በሰው እግር መካከል ሲሮጥ ሂሩት አባረረችው።

ንጋቱ የእማማ ጥሩነሽ ታናሽ ወንድም ነው። ሚስት አግብቶ ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ መጻፍ አይችልም። እማማ በየዓመቱ ለአማቻቸው «አንድ ቀን ብታደርሱኝ» ይሉ ነበር፤ አቶ በላቸውም «ሲመቸን» ይሉ ነበር። ይህን የነገሩኝ ወይዘሮ ዘውዲቱ ናቸው፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

አሥሩ ደቂቃ አለቀ። አቶ በላቸው ወደኔ መጡ። ፀሐይዋን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ወይዘሪት ሙሉ፣ አሁን ካልተነሳን ሸለቆውን አናይም። ዕቅዱ ምን ይላል?»

ያ ቦታ ክፍት መሆኑን አልረሳሁም።

«ዕቅዱ ተነሱ ይላል» አልኳቸው። «ተሳስቻለሁ ግን። እማማን በር ላይ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር፤ አልጠየቅኳቸውም። ከዚህ አንነሳም።»

አቶ በላቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ።

አያ ንጋቱ ቤት አደርን። በማግስቱ ጠዋት «ገደል ነው ያማራችሁ?» አለና አቶ በላቸውን ከበረቱ ጀርባ ወሰዳቸው። መሬቱ በድንገት ያልቃል፤ ከታች ቀይ ድንጋይ፣ የደረቀ የወንዝ አሸዋ፣ እንደ ምድጃ የሚነሳ ሙቀት። አቶ በላቸው በደረታቸው ተኝተው፣ አያ ንጋቱ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዞላቸው፣ አንገታቸውን አውጥተው አዩት። ቶሎ አልተነሱም።

«ስሙ ማን ነው?» አሉ።

«ስም የለውም። ገደል ነው» አላቸው።

ወይዘሮ ዘውዲቱ ሎሚያቸውን በከረጢት ሙሉ ገዙ። ተከዜን አላየነውም።

የስምሪት ኃላፊነቱ በዚያ ዓመት ለሌላ ሰው ተሰጠ። አቶ በላቸው ምክንያቱን አልሸሸጉኝም፤ «ዕቅድሽን በአደባባይ ሻርሽ» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውየው ሲለቅ ቦታውን ለኔ ሰጡኝ፤ ያኔ ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ።

ለአዲስ የስምሪት ሠራተኞች የማስተምረው አንድ ነገር ነበር። ካርታ ከመግለጣችሁ በፊት መንገደኞቹን አንድ በአንድ፣ ለየብቻቸው፣ የት እንደሚሄዱና ለምን እንደሚሄዱ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት። ሰዓቱን ከዚያ በኋላ ሙሉ።